የማይችለውን ማን ሾመው?

እኔ አምኃ ይትባረክ፣ በወይናምባ ከተማ ኬሚስትሪ የማስተምር መምህር ነኝ። የእህቴን ልጅ ሙሉእመቤትን ቀብረን በሠልስቱ ዕለት፣ ፀሐይ ወደ ማደሪያዋ ስታዘቀዝቅ፣ ከለቅሶው ድንኳን ጥግ ሰሌን ላይ ተቀምጬ የቀኑ ለቀስተኛ እየተሰናበተ ሲወጣ እመለከት ነበር። ሰው ሁሉ ከእህቴ ከአመለወርቅ ፊት ጎንበስ ይልና ያንኑ ቃል ይናገራል። እግዚአብሔር ያጥናሽ፤ የእሱ ፈቃድ ሆኖ ነው፤ ምን ይደረጋል? ይህ ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ እየሰማሁት ያደግሁት የማጽናኛ ቃል ነው። በዚያ ምሽት ግን እንደ ጋለ ብረት ጆሮዬን ያቃጥለኝ ጀመር። ሙሉእመቤት እንዴት እንደ ሞተች ከተማው ሁሉ ያውቃልና። ያንን እያወቁ ጥፋቱን በፈጣሪ ላይ መጣል፣ በአምላክ ስም ከሚነገር ስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ሆኖ ታየኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉእመቤት የበኩር ልጇን ልትወልድ ምጥ ሲጠናባት ባሏ አጥናፉ ወደ ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ መረመራትና በቀዶ ሕክምና መውለድ አለባት አለ። የሐኪሙን እጅ ማንም አይነቅፈውም፤ የሚሠራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ነገር ግን ለቀዶ ሕክምና አንድ ሐኪም አይበቃም። ሕመምተኛዋን በማደንዘዣ የሚያስተኛት፣ ተኝታ ሳለች ትንፋሿን የሚጠብቅላት፣ በኋላም የሚያነቃት ሌላ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን ሥራ ጠንቅቃ የተማረችው ሲስተር ዘሃራ ነበረች። ሲስተር ዘሃራ ግን የሆስፒታሉ ኃላፊ አቶ መኩሪያ በስብሰባ ላይ ያነበቡትን ሪፖርት «ይህ አልተሠራም» ብላ ስለ ተቃወመች፣ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ተነሥታ ከግቢው ማዶ ባለው ቢሮ እንግዳ እንድትቀበል ተመድባለች። በቦታዋ የተተካው የአቶ መኩሪያ ባለቤት ዘመድ ቢተው ነው። ቢተው የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂ ነበር። ወደ ሌላ ከተማ ተልኮ፣ ሌሎች ሲሠሩ ጥቂት ጊዜ ቆሞ ካየ በኋላ፣ ሰርተፊኬት ይዞ ተመለሰና የማደንዘዣ ባለሙያ ተባለ።

ያን ዕለት ቢተው ለትንፋሽ የሚሆነውን ቱቦ ወደ ሳንባዋ ያስገባ መስሎት ወደ ጨጓራዋ አስገባው። ስህተቱን የሚያውቅበት ምልክት ከፊቱ ባለው መሣሪያ ላይ ነበር፤ ምልክቱን ማንበብ ግን አልተማረም። ከንፈሯ ሲጠቁር ሐኪሙ ጮኸ። ሲስተር ዘሃራን የሚጠራ ሰው ሄደ፤ እሷም ጫማዋን ጥላ ግቢውን በሩጫ አቋርጣ መጣች። ሕፃኗ በሕይወት ወጣች። እናቲቱ ግን አልተመለሰችም።

ቢተው ከቀብሩም ከለቅሶውም አልቀረም። ከድንኳኑ ውጭ ከአጥሩ ሥር ቆሞ ሲያለቅስ አይቼው፣ ልመታው ተነሥቼ ነበር፤ አጥናፉ ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ። አቶ መኩሪያ ደግሞ በመኪና መጥተው፣ በክብር ቦታ ተቀምጠው፣ እግዚአብሔር የሚወዳቸውን ቶሎ ይወስዳል ብለው ሄደዋል። ይህን ሁሉ ሳብሰለስል፣ ቁጣዬ የሚሄድበት አጥቶ በደረቴ ውስጥ እንደ ታሰረ አውሬ ሲንጎራደድ፣ ራሴን ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አስደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። የሦስት ቀን እንቅልፍ እጦት አሸነፈኝና በተቀመጥኩበት አንቀላፋሁ።

በራእዬም እነሆ፣ ሰፊ ሜዳ በሚያቋርጥ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። በመንገዱ ዳር በድንጋይ ላይ የተቀመጡ አንዲት ሴት አየሁ። ጠጉራቸው ነጥቷል፤ ወገባቸው ግን አልጎበጠም፤ እጆቻቸው የሸክላ ሠሪ እጆች ናቸው፣ ሰፊና የተሰነጣጠቁ። ብድግ ብለው ጤና ይስጥልኝ አሉኝና ስማቸው ወይዘሮ ጌጤነሽ መሆኑን፣ የአገራቸው ሰዎች መንገደኛ እንዲቀበሉ እንደ መረጧቸው ነገሩኝ። ከየት እንደ መጣሁ ሲጠይቁኝ ከለቅሶ ቤት አልኳቸው። እሳቸውም ፊቴን ትኩር ብለው አይተው፣ ወደ እኛ አገር የሚመጣ ሰው ሁሉ ከለቅሶ ቤት ነው የሚመጣው አሉና መንገዱን ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው።

በመጀመሪያ የደረስነው ከፈረሰ ከተማ ነበር። እንዲህ ያለ ፍርስራሽ አይቼ አላውቅም። ጦር ያፈረሰው ከተማ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል፤ ይህ ግን ቀስ በቀስ፣ በሰላም ዘመን፣ በገዛ ሰዎቹ እጅ የፈረሰ ነበር። ፎቁ በራሱ ክብደት ተንሸራቶ በጎረቤቱ ላይ ተኝቷል፤ መሠረቱን የጣለው ሰው አፈር ከአፈር እንደሚለይ የማያውቅ ነበርና። የዳቦ ቤቱ ግድግዳ በእሳት ጠቁሮ ቆሟል፤ የኤሌክትሪኩን ሽቦ የዘረጋው የድግስ አድማቂ ዘፋኝ ነበር፣ ለሥራው የታጨውም በሠርግ ላይ ሹሙን ስላስደሰተ ነው። ከገደሉ አፋፍ ላይ የተገለበጠ አውቶቡስ ዝጎ ይታያል። የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ፣ መሪ ከመያዙ በፊት፣ ቤቱ ድረስ እንደ ሠርግ መጥሪያ መጥቶለት እንደ ነበር ወይዘሮ ጌጤነሽ ነገሩኝ። ትምህርት ቤቱን ሳይ ግን ወደ ውስጥ ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳው እስከ ዛሬ አልተደመሰሰም፤ በላዩ የተጻፈው የሒሳብ መልስ ስህተት ነው። ተማሪዎቹ ስህተቱን ተምረው አድገው፣ በዚያው ስህተት ቤት ሠሩበት፤ መድኃኒት ለኩበት፤ ድንበር አካለሉበት።

«ይህን ሁሉ ለምን አልጠረጋችሁትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ልጆቻችን እንዲያዩት ነው» አሉኝ። «ጥፋት ከተጠረገ ተረት ይሆናል። ተረት ደግሞ ማንንም አያስቆጣም።»

ከፍርስራሹ ማዶ ወደ ሸለቆው ወረድን። በዚያም ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ትልቅ የግድብ ግንብ ቆሟል፤ ከበታቹ ያለው መሬት ሣር እንኳ በቅጡ አልያዘም። ወይዘሮ ጌጤነሽ ከግንቡ ፊት ሲደርሱ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁ። ከዚያም ታሪኩን ነገሩኝ፤ ሲነግሩኝ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም፣ ዓይናቸው ግን እንደ ፍም ቀልቶ ነበር።

ግድቡን የሠራው ኢንጂነር ተብሎ የተሾመ ሰው ነበር። የተሾመው ለዚያን ጊዜው አገረ ገዥ የውዳሴ ንግግር ይጽፍ ስለ ነበር ነው፤ ንግግሩም በእውነት ያማረ ነበር ይላሉ። ውኃ ግን ንግግር አይሰማም። ክረምት ሲገባ ግንቡ ማልቀስ ጀመረ፤ እረኛም ገበሬም ስንጥቁን አየ። ተሿሚው ግን ግንብ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ይህ ያለ ነገር ነው እያለ ሰዉን አረጋጋ። የወይዘሮ ጌጤነሽ ባል ከግድቡ በታች ማሳ ሲያጠጣ፣ ልጃቸውም ከአባቷ ጋር ሳለች፣ ውኃው መጣ። ሬሳቸው የተገኘው ከሸለቆው መጨረሻ ነው። በዚያ ሳምንት በየመንደሩ ድንኳን ተተከለ፤ በየድንኳኑም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ተባለ።

እኔ ይህን ስሰማ ራሴን መግታት አቃተኝ። ያን ሰው ምን አደረጋችሁት፣ በድንጋይ አልወገራችሁትም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። የኛን አገር ቢተውንም አነሣሁላቸው፤ ምን እንደ ሠራ፣ እንዴት በሰርተፊኬት እንደ ተሸፈነ፣ ዛሬም ከአጥር ሥር ቆሞ እንደሚያለቅስ። ወይዘሮ ጌጤነሽ እስክጨርስ ጠበቁኝና ከሁሉ አስቀድመው ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ያ ሰው መጋዘን ጠባቂ ሳለ እንዴት ነበር?»

እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁም፤ ግን ተናገርኩ። ጎበዝ መጋዘን ጠባቂ ነበር። በእሱ ጊዜ መድኃኒት ተበላሸ ወይም ጠፋ ሲባል ሰምተን አናውቅም። ሰዓቱን ያከብራል፤ የትኛው መድኃኒት ከየትኛው መደርደሪያ እንዳለ መብራት ቢጠፋ እንኳ በእጁ ዳስሶ ያገኘዋል ይባልለት ነበር።

«እንግዲያ እየው» አሉኝ። «አንድ ሹመት ስንት ሰው አጠፋ? የእህትህን ልጅ ገደላት። ያችን የተማረች ሴት ከነሙያዋ በቢሮ ውስጥ ቀበራት። ጥሩ መጋዘን ጠባቂ የነበረውን ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ነፍሰ ገዳይ አደረገው። አንተ ግን ልትመታ የተነሣኸው ከሁሉ ትንሹን ነው። የሾመው ሰውዬ የት ተቀምጦ ነበር?»

አቶ መኩሪያ በክብር ቦታ ተቀምጠው ነበር፤ ወንበሩንም ያቀረብንላቸው እኛው ነን። ይህን ሳስብ ቁጣዬ እንደ ጎርፍ አቅጣጫውን ሲለውጥ ተሰማኝ።

ከሸለቆው ወጥተን ኮረብታውን ስንሻገር አዲሱ ከተማ ታየን። ወርቅና ዕንቁ ያለበት ከተማ እንዳይመስላችሁ፤ ቤቶቹ የኛን ቤቶች የመሰሉ፣ ሰዎቹም ላብ የሚያልባቸውና የሚጨቃጨቁ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱ እያደር ነው የሚታየው። ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ ቦዩ ውኃውን ወደሚሄድበት ይወስዳል፤ በመንገድ የሚያልፈው መኪና እግረኛውን አያስደነግጥም። ከከተማው መካከል የመፈተኛ አደባባይ የሚሉት ሰፊ ቦታ አለ። በዚያ አገር ማንም ሰው፣ የማንም ልጅ ቢሆን፣ ምንም ዓይነት ዲፕሎማ ቢይዝ፣ ሥራውን በአደባባይ ሠርቶ ሳያሳይ የሰው ሕይወት፣ የሰው ፍርድ ወይም የሰው ልጅ አይሰጠውም።

ስንገባ ለዳኝነት የታጨ አንድ ጎልማሳ እየተፈተነ ነበር። ሕጉን ጠንቅቆ ማወቁን አስቀድሞ በጽሑፍ አሳይቷል። አሁን የመሬት ክርክር ያላቸው ሁለት እውነተኛ ባለጉዳዮች ቀርበው ጉዳያቸውን አስረዱት። ከመፍረዱ በፊት የከሳሹን ቃል በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር፣ ቀጥሎ የተከሳሹን እንዲናገር ታዘዘ። ከሳሹ አዎን፣ እንዲህ ነው ያልኩት ብሎ ካላረጋገጠ፣ ተከሳሹም እንዲሁ ካላረጋገጠ፣ ሰውየው መስማት አልቻለምና ዳኛ አይሆንም። ጎልማሳው የከሳሹን አሳምሮ ተናገረ። የተከሳሹን ሲናገር ግን አሮጊቷ ተከሳሽ ራሷን ነቀነቀችና፣ እኔ መሬቱ የእኔ ነው አላልኩም፣ ያረስኩበት ድካም ይታሰብልኝ ነው ያልኩት አለች። ሰውየው በሚቀጥለው ዓመት ዳግም እንዲፈተን ቀጠሮ ተሰጠው። አልተሰደበም፤ አልተዋረደም፤ ግን አለፈ አልተባለም።

ለሾፌር፣ ለወጥ ቤት፣ ለመምህር፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚጠየቀው ሁሉ የተለያየ እንደ ሆነ ወይዘሮ ጌጤነሽ አስረዱኝ። ከሾፌሩ የሚፈለገው ዓይንና እጅ ብቻ አይደለም፣ ድካሙን አውቆ መኪናውን የሚያቆም ልብ ጭምር ነው። ከትምህርት ቤት ወጥ ሠሪዋ የሚፈለገው ጣፋጭ እጅ ብቻ ሳይሆን የተበከለ ውኃ የሚያመጣውን በሽታ ማወቅ ነው። መምህሩ ደግሞ ትምህርቱ ያልገባው ልጅ ይሰጠዋል፤ በአንድ መንገድ አስረድቶ ካልገባው በሌላ፣ በዚያም ካልገባው በሦስተኛ መንገድ ማስረዳት አለበት፤ ልጁን ደደብ ያለ ዕለት ወደቀ። ለሁሉም በመጨረሻ የሚቀርበው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ የማትችለው የቱን ነው፣ እጅህን የምትሰበስበው መቼ ነው? ይህን የማይመልስ ሰው የቀረውን ሁሉ ቢመልስ እንኳ አያልፍም።

ቀጥሎ የቀረበችው የማደንዘዣ ባለሙያ ለመሆን የተማረች ወጣት ሴት ነበረች። ይህን ስሰማ ሰዉን አልፌ ወደ ፊት ተጠጋሁ። በሰው ቁመት በተሠራ አሻንጉሊት ላይ ቱቦውን እንድታስገባ ታዘዘች። አስገባች፤ ወዲያውም ደረቱን በሁለቱም ጎን አዳመጠች፤ ጨጓራውን አዳመጠች፤ ዓይኗን ከመሣሪያው አልነቀለችም። ፈታኙ ቱቦው ባይገባልሽስ አላት። አወጣለሁ፣ በጭምብል አየር እሰጣለሁ፣ ሰው እጠራለሁ አለች። የምትጠሪው ሰው ቢዘገይስ? እሱንም መለሰች። በመጨረሻም የጋራው ጥያቄ ቀረበ። ልጅቷ ጥቂት አሰበችና፣ ያለ ረዳት ብቻዬን በጣም ትንሽ ሕፃን ማስተኛት ገና አልችልም፣ ተማርኩ እንጂ እጄ አልጠናም አለች። ፈታኞቹ አለፍሽ አሏት፤ የማትችለውም ከምትችለው ጋር በሥራ ፈቃዷ ላይ ተጻፈ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ አለቀስኩ። ያየሁት ተአምር አልነበረም። ሊማሩት የሚቻል፣ ሊያስተምሩት የሚቻል፣ ሊጠይቁት የሚቻል ነገር ነው። ሙሉእመቤት የሞተችው ይህን ያህል ነገር አጥታ ነው።

እንባዬ ሳይደርቅ አደባባዩ በሹክሹክታ ተሞላ። የአገረ ገዥው ልጅ ልዑልሰገድ የድልድይ ሠሪነት ፈተና ሊወስድ ቀረበ። አባቱ አገረ ገዥው አቶ ናደው ከሕዝቡ መካከል እንደ ማንኛውም ወላጅ ተቀምጠው ነበር። ልጁ መልከ መልካም፣ አንደበተ ርቱዕ ነው፤ የሒሳቡን ጥያቄ ሁሉ ሳይደናቀፍ መለሰ፤ የድልድዩንም ንድፍ አሳምሮ ሣለ። ዋናው ፈታኝ ኢንጂነር ወልደሰንበት የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቁት።

«የማትችለው የቱን ነው?»

«በዚህ ሙያ የማልችለው የለም» አለ ልዑልሰገድ፣ ፈገግ ብሎ።

ኢንጂነር ወልደሰንበት ጥያቄውን ደገሙለት። እሱም መልሱን ደገመ። ወድቀሃል አሉት።

ያኔ አገረ ገዥው ተነሡ። ወይዘሮ ጌጤነሽ ክንዴን አጥብቀው ጨበጡኝ፤ በዚህ ስፍራ ሕግ ስንት ጊዜ እንደ ተፈተነ የሚያውቁ ናቸውና። አቶ ናደው አልተቆጡም፤ አላዘዙም። ልጃቸው የተጠየቀውን ሁሉ መመለሱን፣ ለአንድ የትዕቢት ቃል የዓመታት ትምህርቱ መና መቅረቱ እንደሚከብድ፣ እንደ ገዥ ሳይሆን እንደ አባት እንደሚለምኑ በለሰለሰ ድምፅ ተናገሩ። በእውነትም አሳዘኑኝ። ኢንጂነር ወልደሰንበት ከመቀመጫቸው ወርደው ወደ አገረ ገዥው ሄዱና፣ ሁሉ እንዲሰማ ሳይሆን ቀስ ብለው ተናገሯቸው፤ እኛ ግን ቅርብ ስለ ነበርን ሰማን።

«ጌታዬ፣ ግድቡን የሠራው ሰውም የማልችለው የለም ብሎ ነበር። ያኔም የለመነለት ሰው አሳዛኝ ነበር።»

አቶ ናደው ልጃቸውን ክንዱን ይዘው ከአደባባዩ ወጡ። ሲያልፉ የልጁን ፊት አየሁት፤ በንዴት ቀልቷል። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ትምህርትም የቀሰመ አይመስልም። ይመለስ እንደ ሆነ ስጠይቅ ወይዘሮ ጌጤነሽ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ምናልባት ይመለሳል፣ ምናልባትም አይመለስም፤ ድልድዩ ግን እሱን አይጠብቅም፣ የሚችል ሌላ ይሠራዋል አሉኝ። እኔም በምሬት፣ በኛ አገር ቢሆን ይህ ልጅ ነገ ጠዋት ሚኒስትር ነበር፣ እኒያ ሽማግሌም ከነገ ወዲያ በጡረታ ይሰናበቱ ነበር አልኩ።

ከአደባባዩ ወጥተን ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀመጥን። እኔም በልቤ ያለውን ክርክር ሁሉ አወጣሁ። ይህን ያህል ጥብቅ ፈተና ካለ የድሃ ልጅ የት ይገባል አልኳቸው። በኛ አገር ትምህርት የሚያገኘው ያለው ነው፤ በሩን ብታጠብቡት የሚያልፈው የሀብታም ልጅ ብቻ አይሆንም ወይ?

«መጀመሪያ የትምህርቱን በር ከፈትን፤ ከዚያ የሹመቱን በር አጠበብን» አሉኝ። «ያችን የማደንዘዣ ልጅ አይተሃል። አባቷ ድንጋይ ፈላጭ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ ሁለት ጊዜም አገሩ ቀለቧን ችሎ መልሶ አስተምሯታል። የናንተ ግን ተቃራኒው ነው። የትምህርቱ በር ጠባብ፣ የሹመቱ በር ሰፊ።»

ሹሞቹስ አልኳቸው፤ ሹሞቹን ማን ይፈትናቸዋል? ሹመትም ሙያ ነው፤ ሌላውን ሙያ ሁሉ የሚገድል ወይም የሚያኖር ሙያ ነው ብለው መለሱልኝ። በዚያ አገር ሰው ሊሾም የቀረበ ሹም ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው፣ ከሱ የሚበልጥ ባለሙያ ተቃውሞት እንደ ሆነ፣ ያም ባለሙያ ዛሬ የት እንዳለ ነው። ባለሙያው ከቦታው ተነሥቶ ከተገኘ ሹሙ ራሱ ከሹመቱ ይቀራል። ይህን ሲሉኝ ሲስተር ዘሃራ እንግዳ የምትቀበልበት ጠረጴዛ በዓይኔ ላይ መጣ።

በመጨረሻም ከሁሉ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝን ጠየቅሁ። ይህ ሁሉ እንዴት ተጀመረ? ንጉሥ አዘዘው? የባሕር ማዶ ሊቃውንት አመጡት? ወይዘሮ ጌጤነሽ እጆቻቸውን ከጉልበታቸው ላይ አድርገው መለሱልኝ። ከለቅሶ ድንኳን ነው የተጀመረው አሉ። ባላቸውና ልጃቸው በተቀበሩ ማግስት፣ አንዱ የመንደር ሹም ወደ ድንኳናቸው ገብቶ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ሲላቸው፣ እሳቸው ቀና ብለው፣ ግድቡን እንዲሠራ ያን ሰው የሾመው እግዚአብሔር ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ሹሙ ይህ የለቅሶ ቦታ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅበትም አላቸው። ታዲያ የት ነው የሚጠየቀው አሉት። በማግስቱ ሌላዋ እናት በሌላ ድንኳን ያንኑ ጠየቀች። ከዚያ በየድንኳኑ ሴቶቹ ሙሾ ከማውረዳቸው በፊት ጥያቄውን ማንሣት ልማድ ሆነ፤ የማይችለውን ማን ሾመው? ጥያቄው ከድንኳን ወደ ዕድር፣ ከዕድር ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ ሸንጎ ሄደ። የታሰረ አለ፤ የተደበደበ አለ፤ ብዙ ዓመትም ፈጅቷል።

«እኛ ሊቅ ስለሆንን አይደለም» አሉኝ። «እግዚአብሔርን ከሐሰት ክስ ነጻ ስላወጣነው ነው። እሱን ነጻ ስናወጣ ጥፋተኛው ብቻውን ቆሞ ታየ።»

ሌላም ልጠይቅ አፌን ስከፍት የሰው ድምፅ በጆሮዬ ገባ፤ ዋርካውም፣ ከተማውም፣ የወይዘሮ ጌጤነሽ ፊትም ጉም ሆኖ ተገፈፈ። ነቃሁ። ነግቷል። አንድ ሰው ጋቢ አልብሶኛል። የማለዳ ለቀስተኞች ድንኳኑን እየሞሉ ነበር፤ አጥናፉ ሕፃኗን ታቅፎ ከእህቴ አጠገብ ተቀምጧል። ያየሁትን ከማንም ደብቄ እንደማልኖር በዚያችው ቅጽበት ቆረጥኩ።

ጥቂት ቆይቶ የአቶ መኩሪያ መኪና ከደጅ ቆመ። ከተከታዮቻቸው ጋር ገቡ፤ ሰዉ እንደ ልማዱ ቦታ ለቀቀላቸው። እህቴን አጽናንተው ሲያበቁ ወደ ሕዝቡ ዞረው፣ ሰው ያቅዳል እግዚአብሔር ይፈጽማል፣ በፈቃዱ ላይ ምን እንጨምራለን ብለው መናገር ሲጀምሩ ተነሣሁ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

«አቶ መኩሪያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሲስተር ዘሃራን ከቦታዋ ያነሣት እግዚአብሔር ነው? ቢተውንስ እዚያ ያቆመው እግዚአብሔር ነው? የማይችለውን ማን ሾመው?»

አቶ መኩሪያ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ሆኖም ድምፃቸውን አለስልሰው ሐዘኔን እንደሚረዱልኝ፣ ነገር ግን ይህ የለቅሶ ቦታ እንጂ የስብሰባ ቦታ እንዳልሆነ ነገሩኝ። ቢተው የሚፈለገውን ሥልጠና የወሰደ ሠራተኛ መሆኑንም ጨመሩ። ሽማግሌዎቹ እጄን እየጎተቱ ተቀመጥ፣ ነውር ነው ይሉኝ ጀመር። እኔ ግን አልተቀመጥኩም።

በዚህ መካከል ከድንኳኑ ደጃፍ አንድ የታፈነ ድምፅ ተሰማ። ቢተው ነበር። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ዓይኑን ከመሬት ላይ ተክሎ ቆሟል።

«እኔ አልችልም ብያቸው ነበር» አለ። «መጋዘኔ ይሻለኛል ብዬ ለምኜ ነበር። ትለምደዋለህ አሉኝ።»

አቶ መኩሪያ ዞረው ዝም በል አሉት። ያን ጊዜ እህቴ አመለወርቅ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ወደ ቢተው የምትሄድ፣ ልብሱን የምትቀድድ መስሎኝ ልይዛት ተራመድኩ። እሷ ግን ከቦታዋ ሳትንቀሳቀስ በእጇ ጠራችው።

«ና፣ ግባ» አለችው። «ከኋላ ያሉት አልሰሙህም። ድገመው።»

ቢተው ገባ፤ በሕዝቡም መካከል ቆሞ ደገመው። አቶ መኩሪያ ተነሥተው ሲወጡ ማንም መንገድ አልለቀቀላቸውም፤ በተጨናነቀው ሰው መካከል እየተሽሎከሎኩ ነው የወጡት። እኔም ለቀስተኞቹ ወደ እኔ ሲዞሩ፣ ስለ ፈረሰው ከተማ፣ ስለ ተሰነጠቀው ግንብ፣ ስለዚያ አደባባይ ያየሁትን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ መንገር ጀመርኩ።